የመንገደኛ የመጀመሪያ ክሬዲት ካርድ

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ለውጭ አገር ጉዞ ብለን ለመጀመሪያ ጊዜ የምንይዘውን ክሬዲት ካርድ እንዴት እንደምንመርጥ እንነጋገራለን። የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በእኛ አቆጣጠር የምናገረው ሲኖር ለይቼ እነግራችኋለሁ።

ለንደን ውስጥ ከኬንቲሽ ታውን ባቡር ጣቢያ ወጥቶ በፎርተስ መንገድ ወደ ተፍኔል ፓርክ የሚያቀና ሰው የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችን ያገኛል። ገናና ጥምቀት ሲቃረቡ ወይም የልጆቹ የክረምት ዕረፍት ሲደርስ እዚያ የሚወራው ሁሉ የጉዞ ነው። ትኬት ስንት ገባ? ስንት ኪሎ ይፈቀዳል? ማን መቼ ይሄዳል? ማን መቼ ይመለሳል? ገንዘቡን በምን እንክፈለው የሚለው ጥያቄ ግን ብዙም አይነሳም። በካሽ የሚከፍል አለ፣ ወደ ትኬት ሻጩ ሒሳብ የሚያስተላልፍ አለ፣ በዴቢት ካርድ የሚከፍልም አለ። ትኬቱ በሰላም ከወጣና ጉዞው በሰላም ካለቀ ሁሉም አንድ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ነገር ሲበላሽ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ክሬዲት ካርድ ለመንገደኛ ትልቁን ሥራ የሚሠራው አዲስ አበባ ከተገባ በኋላ ሳይሆን እዚሁ ለንደን ትኬቱና ሆቴሉ ሲከፈል ነው። ካርዱን ስንመርጥ ይህንን ይዘን ከተነሳን ሌላው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል።

አብዛኞቻችን ካርድን ያወቅነው አገር ቤት ከባንክ ሒሳባችን ብር በምናወጣበት ካርድ ነው። እሱ ዴቢት ነው፤ የሚወጣውም የራሳችን ገንዘብ ነው። በክሬዲት ካርድ ስንገዛ ግን ለሻጩ የሚከፍለው አበዳሪው ነው፤ እኛ ለአበዳሪው በወሩ ሒሳብ እንከፍላለን። የብሪታንያ ሕግ ይህችን ልዩነት ትልቅ አድርጎ ይመለከታታል። በ1974 የወጣው የሸማቾች ብድር ሕግ በአንቀጽ 75 ላይ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ፣ ከ30,000 ፓውንድ ያልበለጠ ነገር በክሬዲት ካርድ ከገዛን፣ ሻጩ ውሉን ባያከብር ካርድ ሰጪው ከሻጩ እኩል ተጠያቂ ነው ይላል። ሻጩ ከስሮ ቢዘጋ እንኳ ካርድ ሰጪውን መጠየቅ ይቻላል። ሙሉውን ዋጋ በካርዱ መክፈልም ግዴታ አይደለም። ቀብዱን በክሬዲት ካርድ፣ የቀረውን በሌላ መንገድ ብትከፍሉ ሕጉ የሚሸፍነው ጠቅላላውን ዋጋ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ መብት አይደለም። ሞናርክ አየር መንገድ በጥቅምት 2017፣ ከ1841 ጀምሮ የቆየው የጉዞ ድርጅት ቶማስ ኩክ ደግሞ በመስከረም 2019 በአንድ ሌሊት ተዘጉ። በቶማስ ኩክ ጊዜ 150,000 ያህል መንገደኞችን መንግሥት ከያሉበት አገር በአውሮፕላን ማስመለስ ነበረበት። ከሁለቱም ትኬት ገዝተው ገና ያልበረሩት ሰዎች ገንዘባቸውን ለማስመለስ የነበራቸው ዕድል በአብዛኛው ያረፈው በአከፋፈላቸው ላይ ነበር። በክሬዲት ካርድ የከፈለው በእጁ ሕግ ነበረው። በዴቢት ካርድ የከፈለው ቻርጅባክ የሚባል የማስመለሻ መንገድ ነበረው፤ እሱ ግን የካርድ ድርጅቶቹ የውስጥ ደንብ እንጂ ሕግ አይደለም፤ የጊዜ ገደብም አለው። በካሽ የከፈለ ሰው የያዘው ደረሰኙን ብቻ ነበር።

«ግዢው ውጭ አገር ቢሆንስ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ተገቢ ጥያቄ ነው። ባንኮቹም በዚህ ነጥብ ላይ ለዓመታት ተከራክረዋል። በጥቅምት 2007 በወቅቱ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት አንቀጽ 75 ውጭ አገር ለተገዛም ዕቃና አገልግሎት ይሠራል ብሎ ወሰነ። ስለዚህ እዚህ ኬንቲሽ ታውን ቁጭ ብላችሁ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ላለ ሆቴል በብሪታንያ ክሬዲት ካርድ ከ100 ፓውንድ በላይ ብትከፍሉና ሆቴሉ ክፍሉን ቢከለክላችሁ ሕጉ አብሯችሁ ነው።

እዚህ ላይ ግን ለእኛ ሰው በተለይ ማንሳት ያለብኝ ነገር አለ። ብዙዎቻችን ትኬት የምንገዛው ከአየር መንገዱ ሳይሆን ከምናውቀው የጉዞ ወኪል ነው። ቋንቋችንን ይናገራል፣ ኪሎውን ያውቃል፣ ቀን ለመቀየርም ይረዳናል፤ ጠቃሚ ሰው ነው። አንቀጽ 75 የሚሠራው ግን ገዢው፣ ካርድ ሰጪውና ውሉን የገባው ሻጭ በቀጥታ ሲገናኙ ነው። ገንዘባችሁን የተቀበለው ወኪሉ ሆኖ የማብረር ውል የገባው አየር መንገዱ ከሆነ ሰንሰለቱ ሊበጠስና ካርድ ሰጪው «የከፈልከው ለሌላ ነው» ሊል ይችላል። ስለዚህ ካርዳችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ወኪሉን «በወሩ የሒሳብ መግለጫዬ፣ በስቴትመንቴ ላይ የሚወጣው የማን ስም ነው? የእናንተ ወይስ የአየር መንገዱ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጨዋ ጥያቄ ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ ወኪል ቅር አይለውም። በዚህ አገር ከጥር 2018 ጀምሮ በግል ካርድ ስለከፈላችሁ ብቻ ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ በሕግ መከልከሉንም ያዙልኝ።

አሁን ካርዱን ወደ ማግኘቱ እንምጣ። የመጀመሪያ ካርድ ለሚጠይቅ ሰው ከባዱ ይሄ ነው። ለንደን 5 ዓመት የኖረ፣ ኪራዩን አንድ ቀን ያላሳለፈ፣ በየሳምንቱ ዕቁቡን የሚጥል ሰው ማመልከቻ ሞልቶ «አይቻልም» ይባላል። ያዝናል፤ የናቁትም ይመስለዋል። ዕቁብ ውስጥ ሰው የሚታመነው በዋሱና በሰብሳቢው ትውውቅ ነው። እዚህ ግን አበዳሪው ማንንም አያውቅም፤ የሚያየው ኤክስፔሪያን፣ ኢኩዊፋክስና ትራንስዩኒየን የሚባሉት ሦስት ድርጅቶች የያዙትን የብድር ታሪክ ነው። ዕቁብ እዚያ ውስጥ አይገባም። ኪራይም አብዛኛውን ጊዜ አይገባም። የስልክ ኮንትራት፣ የባንክ ሒሳብ፣ በስማችን የሚመጣ የመብራትና የጋዝ ሒሳብ ግን ሊገባ ይችላል። ተበድሮ የማያውቅ ሰው መጥፎ ታሪክ ያለው ሰው አይደለም። ታሪክ የለውም፤ አበዳሪው ደግሞ ያላየውን አያምንም።

በዚህ ላይ ሁለት የእኛ የሆኑ ችግሮች ይጨመራሉ። የመጀመሪያው ስማችን ነው። ኃይለማርያም በፓስፖርቱ ላይ አንድ ቃል ሆኖ ይጻፋል፤ ባንክ ቤት ሁለት ቃል ይሆናል፤ የስልክ ኩባንያው ጋ ደግሞ አንዱ ፊደል ይጎድላል። የአባት ስም አንድ ቦታ መካከለኛ ስም፣ ሌላ ቦታ የቤተሰብ ስም ተደርጎ ይገባል። ሰውየው አንድ ሆኖ ሳለ ታሪኩ ለሁለት ለሦስት ሰው ተከፋፍሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ካርድ ከመጠየቃችሁ በፊት ፓስፖርታችሁን፣ የባንክ ካርዳችሁን፣ የስልክ ውላችሁንና የካውንስል ታክስ ወረቀታችሁን ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ ስማችሁን ፊደል በፊደል አስተያዩ። የተለየውን አስተካክሉ። የፓስፖርቱን አጻጻፍ ያዙ፤ ሆቴል ገብታችሁ ካርድና ፓስፖርት ጎን ለጎን ስትሰጡም ይጠቅማችኋል።

ሁለተኛው የመራጮች መዝገብ ነው። አበዳሪዎች አድራሻ ከሚያረጋግጡባቸው መንገዶች አንዱ ይህ መዝገብ ነው። በእንግሊዝ መመዝገብ የሚችሉት ግን የብሪታንያና የአየርላንድ ዜጎች፣ የኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎችና የተወሰኑ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ናቸው። የጋና ወይም የኬንያ ዜጋ የሆነ ጎረቤታችሁ ይመዘገባል፤ የኢትዮጵያ ወይም የኤርትራ ፓስፖርት የያዘ ግን የመኖሪያ ፈቃዱ የቱንም ያህል የጸና ቢሆን አይመዘገብም። ዜግነት የወሰዳችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ተመዝገቡ። ያልወሰዳችሁ ደግሞ የአድራሻ ማስረጃችሁን ለሦስቱ ድርጅቶች ልካችሁ በፋይላችሁ ላይ ማስታወሻ እንዲገባ መጠየቅ ትችላላችሁ። መብታችሁ ነው። ሕጉ የሚፈቅድላችሁን መሠረታዊ የብድር ሪፖርትም ከሦስቱም በነጻ ታገኛላችሁ። ሰው ገንዘብ እየከፈለ ሲያወጣው ሳይ ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ ዝም ብላችሁ ማመልከቻ አትበትኑ። እያንዳንዱ ሙሉ ማመልከቻ በፋይላችሁ ላይ ምልክት ይተዋል፤ በአጭር ጊዜ ውስጥ ምልክቱ ሲበዛ አበዳሪው ገንዘብ የቸገረው ሰው ነው ብሎ ይሸሻል። አስቀድሞ «ብጠይቅ ይሳካልኛል ወይ?» ብሎ ማየት ይቻላል። ብዙ ካርድ ሰጪዎች ይህን በድረ ገጻቸው ላይ ያደርጉላችኋል፤ ሌላ አበዳሪ የሚያየው ምልክትም አይተውም። ደመወዛችሁ ከሚገባበት ባንክ ጀምሩ፤ ገቢያችሁን ያውቃል። እሱ ባይሆን ታሪክ ለሌላቸው ሰዎች ተብለው የተዘጋጁ ካርዶች አሉ። ወለዳቸው ከፍ ያለ፣ ገደባቸውም ትንሽ ነው። ወተትና ዳቦ ገዝታችሁ በየወሩ ሙሉውን ብትከፍሉ ግን ወለዱ አይነካችሁም፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ታሪክ ይሆናችኋል። ለዚህ ነው ለጥምቀት የሚሄድ ሰው የካርዱን ነገር በኅዳር ሳይሆን ከክረምት ጀምሮ ያስብበት የምለው።

አንድ ነገር ለባለትዳሮች። በባል ወይም በሚስት ካርድ ላይ ተጨማሪ ተጠቃሚ ሆኖ መግባት ለራስ የብድር ታሪክ አይሠራም። ዕዳውም ታሪኩም የዋናው ባለካርድ ነው። አንቀጽ 75ም የሚከላከለው ዋናውን ባለካርድ ስለሆነ ተጨማሪዋ ተጠቃሚ ለራሷ ብቻ የገዛችው ነገር ክርክር ሊያስነሳ ይችላል። እኅቶቼ፣ በስማችሁ አንድ ካርድ ይኑራችሁ።

ማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈውን የወለድ መጠን አይታችሁ አትወስኑ። ሕጉ ያንን ወለድ እንዲሰጡ የሚያስገድዳቸው ካርዱን ከሚያገኙት ቢያንስ ለ51 በመቶው ብቻ ነው፤ ለእናንተ የሚደርሳችሁ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ነጥብና ስጦታ የሚሰጡ ካርዶችንም ለመጀመሪያ ጊዜ እለፏቸው። ከውሉ ጋር የሚመጣ፣ ክፍያዎቹ በአጭሩ የተዘረዘሩበት ሠንጠረዥ አለ፤ እሱን አንብቡ። መንገደኛ ከዚያ ውስጥ መፈለግ ያለበት ከፓውንድ ውጭ ለሚደረግ ግዢ የሚከፈለውን፣ ጥሬ ገንዘብ ለማውጣት የሚከፈለውንና በወሩ መጨረሻ ሙሉውን ለሚከፍል ሰው የሚሰጠውን ከወለድ ነጻ ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ በብዙ ካርዶች ላይ እስከ 56 ቀን ይደርሳል።

ከፓውንድ ውጭ የሚደረግ ግዢ በብዙ ካርዶች ላይ 3 በመቶ ገደማ ያስከፍላል። አብዛኛውን ጊዜ 2.99 በመቶ ነው። ይህን ክፍያ ፈጽሞ የማይጠይቁ ካርዶችም በገበያው ላይ አሉ፤ ለጉዞ የሚመረጠው ከእነሱ ነው። የ400 ፓውንድ የሆቴል ሒሳብ ላይ ልዩነቱ 12 ፓውንድ ይሆናል። ክፍያው የሚመጣው ደግሞ አገር ለቀን ስንወጣ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያን ኢቪዛ ከቤታችን ሆነን ስንከፍል የምንከፍለው በዶላር ነውና ይኸው ክፍያ ይታከልበታል። ዱባይ ወይም ኢስታንቡል ላይ ስታርፉ ደግሞ የሱቁ ማሽን «በፓውንድ ወይስ በአገሩ ገንዘብ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ፓውንዱን ስለምናውቀው እጃችን ወደዚያ ይሄዳል። የአገሩን ገንዘብ ምረጡ። ፓውንዱን ከመረጣችሁ ተመኑን የሚያወጣው የሱቁ ማሽን ነው፤ ብዙ ጊዜም ያከስራችኋል።

አሁን አዲስ አበባ ገባን እንበል። ቦሌ ካለ የባንክ ኤቲኤም በክሬዲት ካርድ የ200 ፓውንድ ያህል ብር ብታወጡ ምን ይሆናል? ካርዱ የውጭ ክፍያ ያለበት ከሆነ 6 ፓውንድ ገደማ፤ ጥሬ ገንዘብ ለማውጣት ደግሞ በብዙ ካርዶች ላይ 3 በመቶ፣ ማለትም ሌላ 6 ፓውንድ። ወለዱም ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቆጠራል፤ ያ 56 ቀን ለጥሬ ገንዘብ አይሠራም። በዓመት 30 በመቶ ቢሆን በአንድ ወር 5 ፓውንድ ይሆናል። በድምሩ 17 ፓውንድ ጠፋ፤ የኤቲኤሙ ባለቤት ባንክ የሚወስደው ሳይጨመር። በዚያ ላይ በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት በብድር ታሪካችሁ ላይ ይታያል፤ አበዳሪዎችም በበጎ አያዩትም። ለጥሬ ገንዘብ የውጭ ክፍያ የማይጠይቅ ዴቢት ካርድ ያዙ። ወለድ በሃይማኖታችን አይፈቀድም ለምትሉ አድማጮችም ቀላሉ መንገድ ይኸው ዴቢት ካርድ ነው፤ የአንቀጽ 75 ከለላ ግን እንደማይከተለው እወቁ።

አገር ቤት ካርድ መጠቀም ያከስራል የሚለው አባባል በከንቱ የመጣ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ብሔራዊ ባንክ የብርን ተመን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት፣ አንድ ዶላር በባንክ 58 ብር ገደማ ነበር። በጥቁር ገበያ ከዚያ እጅግ ይበልጥ ነበር። በካርድ የከፈለ ሰው የሚታሰብለት በባንኩ ተመን ስለነበር ብዙ ሰው ካርዱን ሻንጣ ውስጥ ቆልፎ ይከርም ነበር። ተመኑ ከተለቀቀ በኋላ የባንኩ ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ልዩነቱም ጠበበ። በድሮው ስሌት ብቻ አትሂዱ፤ ከመሄዳችሁ በፊት የዕለቱን የባንክ ተመን ተመልከቱ። ትልልቆቹ የአዲስ አበባ ሆቴሎች ቪዛና ማስተርካርድ ይቀበላሉ። ከአዲስ አበባ ወጣ ስትሉ ግን ብር በእጃችሁ ይኑር።

የውጭ ምንዛሪ ገደብ የእኛ አገር ብቻ ችግር ለሚመስላቸው ወጣቶች አንድ ነገር ላንሳ። ባርክሌይስ ባንክ የብሪታንያን የመጀመሪያ ክሬዲት ካርድ ያወጣው በሰኔ 1966 ነው። በዚያው ዓመት የጠቅላይ ሚኒስትር ዊልሰን መንግሥት ለሽርሽር ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ይዞት የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ በ50 ፓውንድ ወሰነው። የምንዛሪ ቁጥጥሩ ጨርሶ የተነሳው በ1979 ነው። ዛሬ በአንዲት ካርድ ዓለምን የሚዞረው እንግሊዛዊ አያቱ በዚያ ገደብ ውስጥ ኖሯል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ፣ ወደ ዕዳው ልምጣ። መርዶ ሲመጣ ትኬት የሚገዛው በዚያው ቀን ነው። ዋጋ አይጠየቅም፤ ማንም ሰው እናቱን ሊቀብር ሲሄድ አያወዳድርም። ካርዱ ያን ቀን ትልቅ ረዳት ነው። ችግሩ የሚመጣው ከለቅሶው መልስ ነው። ትኬቱ 1,200 ፓውንድ፣ ወለዱ በዓመት 25 በመቶ ነው እንበል። የመጀመሪያው ወር ወለድ 25 ፓውንድ ነው። ስቴትመንቱ «ቢያንስ 37 ፓውንድ ክፈል» ቢልና ሰውየው ያንኑ ብቻ ቢከፍል ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 12 ፓውንድ ብቻ ነው። በዚህ አካሄድ ዕዳው ለዓመታት ይከተለዋል። በወር 215 ፓውንድ ቢከፍል ግን በ6 ወር ይጨርሳል፤ ጠቅላላ ወለዱም 90 ፓውንድ ያህል ይሆናል። 215 የማይቻል ከሆነ የሚቻለውን ቁጥር ወስኑና ከባንክ ሒሳባችሁ በየወሩ በራሱ በሚከፈል ዳይሬክት ዴቢት አስሩት፤ ዝቅተኛውን ክፍያ ብቻ አትከተሉ። በደህናው ጊዜ ደግሞ ዳይሬክት ዴቢቱን ሙሉውን እንዲከፍል አድርጉት። አንድ ያለፈ ክፍያ በፋይላችሁ ላይ 6 ዓመት ይቀመጣል።

በካርዱ ላይ የተጻፈው ገደብ የእኛ ገንዘብ አይደለም። አገር ቤት ስንገባ ዘመድ ይሰበሰባል፤ የታመመ አለ፣ ትምህርት ቤት የሚከፈልለት ልጅ አለ፤ እምቢ ማለት ያማል። ለመስጠት ያሰባችሁትን ከለንደን ሳትነሱ ከደመወዛችሁ ለይታችሁ አስቀምጡት፤ ካርዱን በዚህ ውስጥ አታስገቡት። ዕዳው ከአቅም በላይ የሆነባችሁ ካላችሁ ስቴፕቼንጅ የሚባለው የዕዳ አማካሪ ድርጅት በነጻ ያማክራል፤ ቁጥሩ 0800 138 1111 ነው። ሲቲዝንስ አድቫይስም አለ። ገንዘብ ተቀብሎ ዕዳ አስተካክላለሁ ለሚል ሰው አትሂዱ።

ካርዱን ከወሰዳችሁ በኋላ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ በ14 ቀን ውስጥ ውሉን መሰረዝ ትችላላችሁ። በአንቀጽ 75 ጠይቃችሁ ካርድ ሰጪው እምቢ ቢላችሁ፣ ወይም ቅሬታችሁን በ8 ሳምንት ውስጥ ባይመልስላችሁ፣ ወደ ፋይናንስ እንባ ጠባቂው ሂዱ። በነጻ ነው፤ እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁም በአስተርጓሚ መነጋገር ትችላላችሁ። የተለዋወጣችሁትን ሁሉ፣ ትኬቱን፣ ስቴትመንቱንና የጻፋችሁትን ደብዳቤ አስቀምጡ።

ከመነሳታችሁ በፊት ካርድ ሰጪው ከውጭ አገር የሚደወልበትን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ከካርዱ ጋር ሳይሆን ከፓስፖርታችሁ ጋር አኑሩት፤ ቦርሳ ቢጠፋ ካርዱን በዚያው ሰዓት ታዘጋላችሁ። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ወደ አገር ቤት ገንዘብ የሚላክባቸውን መንገዶች እንመለከታለን።